ሲበዛ ማርም ይመራል
ሙዚቃ የደበረው የፒያሳ ልጅ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር ነው። "አሁንም ፍቅር?" እንዳትሉኝ፤ ስለ ወንድና ሴት አላወራም። ሰው የሚከንፈው በሰው ብቻ ነው ያለው ማነው? በኳስ የሚከንፍ አለ፣ በመጽሐፍ የሚከንፍ አለ፣ በሙዚቃ የሚከንፍማ ሰፈሩ ሙሉ ነው። ታዲያ ይሄኛውም ፍቅር እንደዚያኛው ነው። ሳይታወቅ ይይዛል፣ ኪስ ያራቁታል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሲነቁ ያ የሚያሳብድ ነገር ዓይኑን ማየት ያስጠላል። ያን ጊዜስ ምን ይደረጋል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዮርጊስ አካባቢ ከድሮ የማውቀው ልጅ ጋር ተገናኘንና ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባን። ሾፌሩ አዲስ ዘፈን ከፍ አድርጎ ከፍቷል። ረዳቱ ያንጎራጉራል፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጃገረዶች ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። የኔው ሰውዬ ግን ፊቱን አጨማዶ፣ "ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ቀንሰው" አለ። ረዳቱ ገልመጥ አደረገውና፣ "ምነው፣ ሀዘን ላይ ነህ እንዴ?" አለው። ተሳፋሪው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ለምን እንደገረመኝ ታውቃላችሁ? ይሄ ልጅ ለሰባት ዓመት ያህል አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር እየሰማ፣ እየመዘነ፣ "ይሄ ዜማ እንዲህ ነው፣ ያ ቅንብር እንዲያ ነው" እያለ ሲጽፍ የኖረ ልጅ ነው። በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ኪስ ድረ ገጽ ከፍቶ፣ አምስት ሳንቲም ሳያገኝበት። "እሱ ምን አለ?" ሳይሉ አዲስ ካሴት፣ ይቅርታ፣ አዲስ አልበም የማይሰሙ ወጣቶች ነበሩ። ስሙ ይቆየን። ዕድሜው 31 ነው። ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ይሠራል።

ከታክሲ ወርደን አንድ ካፌ ገባን። ማኪያቶው ከመምጣቱ በፊት፣ "ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"ሙዚቃ ደበረኝ" አለኝ። "ማንኛውም ሙዚቃ። ማህሙድም ጭምር።"

እናላችሁ፣ የአራዳ ልጅ ማህሙድ ደበረኝ ካለ ነገሩ ቀላል አይደለም ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁት።

ፍቅሩ የጀመረበት ቦታ

ልጁ ተወልዶ ያደገው ዶሮ ማነቂያ ነው። አባቱ ነፍሳቸውን ይማርና ካሴት ሰብሳቢ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን ይዘው ወደ ፒያሳ ሙዚቃ ቤቶች ያወጡት ነበር። ያኔ ደጃፍ ላይ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ተደርድሮ፣ አንዱ ሱቅ የአንዱን ዘፈን እያፈነ፣ መንገዱ ራሱ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ባለሱቁ አዲስ ካሴት መጀመሪያ እዚያው ያሰማል። አባት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰምተው ይወስናሉ። ወይ "ጠቅልልልኝ" ይላሉ፣ ወይ "ይሄ ሰውዬ ገና ነው" ብለው ይሄዳሉ። "መመዘንን የተማርኩት ከዚያ አንገት ነው" አለኝ።

ፒያሳ ደግሞ እንዲህ ያለውን በሽታ ለማስያዝ የተመቸች ሰፈር ናት። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ስንቱን ድምፅ ያወጣው እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን አምሐ እሸቴ የሚባል፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ "የመጣው ይምጣ" ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። በዚያው ገፍቶ በ6 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ100 ያላነሰ ነጠላ ሸክላና ከ10 በላይ አልበም አወጣ። ማህሙድ አህመድም በደርግ ዘመን እየዘፈነ ጎን ለጎን ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ነበረው። በኋላም ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዛምባ፣ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት እስኪወድም ድረስ፣ የወጣቱ የጃዝ ማምሻ ነበር።

ልጃችን እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል አድጎ ባይለከፍ ነበር የሚገርመው።

በነጻ የተቀጠረ ሰው

መጀመሪያ የጻፈው ለ40 የሚሆኑ ጓደኞቹ ነበር። "ይቺን ስሙ፣ ሦስተኛዋ ላይ ያለው ሳክስፎን ያስለቅሳል" ዓይነት ነገር። ደስ ብሎት ይጽፋል፣ ደስ ብሏቸው ያነባሉ። ቀስ እያለ አንባቢው በዛ። ዘፋኞች ራሳቸው ሥራቸውን ይልኩለት ጀመር። አቀናባሪ ይደውላል፣ የዘፋኝ ወንድም ይደውላል፣ የማያውቀው ሰው በእኩለ ሌሊት "መቼ ነው የኔን የምትጽፈው?" ይለዋል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። እሱ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ራሱ ነው የሠራልኝ። አንድ አልበም 14 ዘፈን አለው እንበል። አንድ ጊዜ መስማት ከ1 ሰዓት በላይ ነው። በአንድ ጊዜ መፍረድ ነውር ነውና ሦስት ጊዜ ይሰማል። ይሄ 3 ሰዓት ተኩል አለፈ። መጻፉ ሌላ 3 ሰዓት። በሳምንት ሁለት አልበም ከሠራ 13 ሰዓት። ይህ እንግዲህ ከመሥሪያ ቤቱ 40 ሰዓት በላይ ነው። ስልኩን፣ ስድቡን፣ ምልጃውን አልቆጠርንም።

በዓልማ አይወራ! አገራችን አልበም ማውጣት የሚወደደው ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ዋዜማ አይደል? ስለዚህ ሰው ሲያርፍ የሱ ሥራ ይጀምራል። እናቱ "ልጄ፣ ዶሮው ቀዘቀዘ" እያሉ በሩን ያንኳኳሉ። እሱ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ዘጠነኛው ዘፈን ላይ ነው። አንድ ፋሲካ ሁለት ጊዜ ጠርተውት ዝም ሲል፣ በሩ ሥር በሳህን አስቀምጠውለት ሄዱ። "ሳህኑን ሳየው አፈርኩ። ግን አሥረኛውን ዘፈን ከፈትኩ" አለኝ።

ልብ በሉ! የቀጠረው ሰው የለም። አለቃ የለም። ቢቀር የሚቆረጥ ደመወዝ የለም። ራሱን በነጻ ቀጥሮ ራሱን የሚገርፍ ሰው ሆነ።

የ2 ሺህ ብሯ ነገር

አንድ ቀን ግን ብር መጣ። የአንድ ዘፋኝ ወኪል ካፌ ቀጠረውና 2 ሺህ ብር በፖስታ አድርጎ፣ "ለኢንተርኔትህ ናት፣ መልካም መልካሙን ብቻ እያት" አለው። ወሰደ።

"ዋሸህ?" አልኩት።

"ውሸት አልጻፍኩም። እውነቱን ግን አልጨረስኩትም።"

ከዚያች ፖስታ በኋላ አንድ ነገር ተበላሸ። አዲስ አልበም ሲከፍት መጀመሪያ የሚመጣለት "ደስ ይላል ወይስ አይልም?" መሆኑ ቀረና "ይሄኛውስ ምን ይሰጥ ይሆን?" ሆነ። ሁለተኛ ብር አልተቀበለም። ጣዕሙ ግን አልተመለሰም።

ይህ የሱ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ከፈሏቸው። ለአንደኞቹ "ከሣላችሁ ሽልማት አለ" ተባለ። ሁለተኞቹ ሳይነገራቸው በድንገት ተሸለሙ። ሦስተኞቹ ምንም አላገኙም። ከቀናት በኋላ ወረቀትና ቀለም ተቀምጦላቸው በነጻነት ሲተዉ፣ ሽልማት ተነግሯቸው የሣሉት ከሌሎቹ በጣም ባነሰ መጠን ሣሉ። ለሽልማት ተብሎ የተሠራ ጨዋታ ሥራ ሆነባቸው ማለት ነው። የፖስታዋም ነገር ይኸው ነው።

ጓደኛውን ያጣባት ጽሑፍ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከልጃችን ጋር አንድ ግቢ ያደገ ጓደኛ አለው። እሱ ይመዝናል፣ ያኛው ይዘፍናል። ጓደኛው አሥር ዓመት በየምሽት ቤቱ የሰው ዘፈን ሲዘፍን ኖሮ፣ ከዘመድም ከዕቁብም ተበድሮ የራሱን አልበም ሠራ። ሲያልቅ መጀመሪያ ለማን ሰጠው? ለሱ። "አንተ ሳትሰማው አልተኛም" ብሎ።

ያን ሳምንት የልጃችን ወረፋ ሰባት አልበም ደርሶ ነበር። ደክሞታል። ሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት ሆኖበታል። የጓደኛውን ሥራ ታክሲ ውስጥ፣ ፍጥነቱን ጨምሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሳይጨርሰው ሰማው። ማታ ተቀምጦ ግማሽ ገጽ ጻፈ። ቀልድ ያለባት፣ የምትቆርጥ ጽሑፍ ነበረች። ጭብጧ "ይህን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምተነዋል፣ ያኔም አልወደድነውም" የሚል ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አይደል የሚባለው? እሱ ግን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አላገኘም። በሰባት ዓመት ከጻፈው ሁሉ እንደዚያች የተነበበለት የለም። ሰው ተቀባበላት፣ ሳቀባት። ካፍ የወጣ አፋፍ ሆነ። ጓደኛው አልደወለም። አልተሳደበም። ሰላምታ ብቻ አቆመ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለመልሶ ማልማት ስትፈርስ የሁለቱም ቤተሰብ ከዶሮ ማነቂያ ተነሣ። አንዱ ወደ አንድ ጫፍ፣ ሌላው ወደ ሌላ ጫፍ ሄዱ። መንገድ ላይ መተያየት እንኳ ቀረ።

ከወራት በኋላ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ያንን አልበም ከፈተ። ላይጽፍበት። አራተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ተቀመጠ። ዘፈኑ ስለ ግቢያቸው ነበር። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ጋራው ኩሽና፣ በመስኮት ካሴት ስለሚያሰሙ አንድ ጎልማሳ። ጎልማሳው የሱ አባት ናቸው።

"እኔ ለካ እዚህ ድረስ አልሰማሁትም ነበር" አለኝ። ማኪያቶው ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ዘፈን ሲሰማ ጆሮው ሳይሆን ሆዱ ነው የሚያመው።

በሽታው ምን ይባላል?

ፈረንጆቹ "በርን አውት" ይሉታል። እኛ ብዙ ስም አለን። ታከተኝ፣ ሰለቸኝ፣ ዛልኩ፣ ደበረኝ። ቃሉን በሥነ ልቦና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቀው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የኒውዮርክ ባለሙያ ነው። የሚገርማችሁ፣ ሰውዬው ነገሩን ያገኘው በደመወዝ ሥራው ላይ አይደለም። ቀን የግል ሥራውን ሠርቶ፣ ማታ ማታ በአንድ ነጻ ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ ያገለግል ነበር። እዚያ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች አንድ በአንድ ሲከስሙ አየ። ራሱም ከሰመ። ወደው የገቡ ሰዎች ናቸው እንግዲህ! ያለ ፍቅር የሚሠራማ ቀድሞውንም ምን ነዶ ምን ይጠፋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ነገር ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ብሏል። ምልክቶቹንም በሦስት ይመድባቸዋል። አንደኛ፣ ኃይል ማለቅ። ሁለተኛ፣ ከሥራው መራቅና በሁሉም ነገር ማሾፍ። ሦስተኛ፣ "የምሠራው አይረባም" የሚል ስሜት። ልጃችን ላይ ሦስቱም አሉ። ያቺ አስቂኝ ጽሑፍ እንዴት እንደተጻፈች አሁን ገባችሁ? ሁለተኛው ምልክት ነች። ሰው ሲደክመው ሁልጊዜ አያለቅስም። አንዳንዴ ያሾፋል።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ

የእናንተ ሱስ ሙዚቃ ላይሆን ይችላል። የሰፈር ኳስ ቡድን ማሠልጠን፣ ፎቶ ማንሳት፣ የዕድርተኛውን ልጆች ማስጠናት፣ የፊልም ክበብ መምራት ሊሆን ይችላል። እነዚህን መልሱ።

1. የምትወዱትን ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ለማንም ሳታሳዩ፣ ለራሳችሁ ብቻ ያደረጋችሁት መቼ ነው?
2. ስልክ ሲጮህ ልባችሁ ደንገጥ ይላል?
3. ሌላው ሰው ሲደሰትበት "ምኑ ነው የሚያስደስተው?" ትላላችሁ?
4. በዓል ሲመጣ ሥራ የመጣ ይመስላችኋል?
5. ብታቆሙ ማን እንደሆናችሁ የማታውቁ ይመስላችኋል?

ከአምስቱ ሦስቱን "አዎ" ካላችሁ፣ ወይም አንደኛውን መመለስ ካቃታችሁ፣ ቀጥሎ ያለውን ዝለሉት አትበሉ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ማረፍና ማቆም ለየቅል ናቸው። የሚያርፍ ሰው ቀን ይቆርጣል። "እስከ መስቀል ድረስ አልጽፍም" ይላል፤ ለሰዉም ይናገራል። ሳይናገሩ መጥፋት ዕረፍት አይደለም፣ መደበቅ ነው። የተደበቀ ሰው ደግሞ እንቅልፍ የለውም።

ሁለተኛ፣ ሚዛኑን አስቀምጡ። አንድ ወር ሙሉ አትፍረዱ። ዘፈን ከሆነ ምግብ እያበሰላችሁ ስሙ። "ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው" የሚል ሐሳብ ሲመጣ ሽንኩርቱን ክተፉ። መጀመሪያ ይቸግራል፣ ኋላ ጆሮ ይከፈታል።

ሦስተኛ፣ ስትመለሱ ቁጥሩን ቀንሱ። በሳምንት ሁለት የነበረ በወር አንድ ይሁን። ሁሉን መዳሰስ የጋዜጣ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። እናንተ አንድ ሰው ናችሁ። የተወዳችሁት ሁሉን ስለሰማችሁ አይደለም፣ አንዱን በደንብ ስለሰማችሁ ነው።

አራተኛ፣ ብቻችሁን አትሸከሙ። ሁለት ሦስት ወጣት ፈልጉና አካፍሉ። እንደናንተ ባይጽፉም ይጻፉ። "ያለኔ አይሆንም" የሚል ሰው ግማሽ መንገድ ታክቷል።

አምስተኛ፣ ብሩን ከፍቅሩ ለዩ። ክፍያ ነውር አይደለም። ከፈለጋችሁ በግልጽ ሥራ አድርጉት፤ ዋጋ አውጡለት፣ ሰዓት አውጡለት፣ ሰው ይወቀው። በፖስታ የሚመጣው ነው ሁለቱንም የሚያሳጣችሁ።

ስድስተኛ፣ ማቆምም ካለባችሁ አቁሙ። ማቆም ሽንፈት የሚመስለው ለማን ነው? አምሐ እሸቴ ያን ሁሉ ሸክላ ካሳተመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 ፖለቲካው አስገድዶት አገር ለቆ አሜሪካ ገባ፣ የኅትመት ሥራውም በዚያው ቆመ። ነገር ግን የሠራው አልጠፋም። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ "ኢትዮፒክስ" በተባለው ተከታታይ አልበም እንደገና ታትሞ የዓለም ጆሮ ሰማው። አምሐ በ2013 ዓ.ም. ሲያርፍ የተነሣው የሠራው እንጂ ያቆመው አልነበረም። ማህሙድ ራሱስ ቢሆን በጥር 2017 ዓ.ም. ሚሌኒየም አዳራሽ ሕዝቡን በኮንሰርት ተሰናብቶ አልነበር? ያ ጉሮሮ "በቃኝ" ካለ እኛ ማን ነን?

ሰባተኛ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ አለመብላቱ፣ ተስፋ መቁረጡ ሳምንታት ከቆየ ነገሩ ከሱስ መሰልቸት አልፏል። ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ሐኪምም አማክሩ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጥርስ ሲያም ዝም ይባላል እንዴ?

የቀረው ዕዳ

ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ ልጁን አንድ ነገር ጠየቅሁት። "ለጓደኛህ ምን አልከው?"

ዝም አለ። ከዚያ ነገረኝ። የጓደኛው እናት አርፈው ነበር። ሰምቶ ለቅሶ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ወደ ማታ ሰው ሲቀንስ ጓደኛው ራሱ ውሃ ይዞ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ብዙ የተዘጋጀበት ንግግር ነበረው፤ አንዱም አልወጣ አለው።

"ያኔ የጻፍኩት … አልሰማሁትም ነበር" አለው። "ሳልሰማ ነው የፈረድኩብህ።"

ጓደኛው ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። "አሁንስ ሰማኸው?"

"ሰማሁት። አራተኛውን።"

"እሺ" አለውና ውሃውን አቀበለው። ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ታረቁ ለማለት እቸገራለሁ፤ ልጁም ታርቀናል አላለኝም። በነጋታው ግን ያቺን ጽሑፍ አወረዳት። በቦታዋ ሁለት መስመር ብቻ አስቀመጠ። አልበሙን በሚገባ ሳይሰማ እንደጻፈ፣ አንባቢንም ዘፋኙንም ይቅርታ እንደሚጠይቅ። ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። እንዲያርፍ ቀን ቆርጬለታለሁ፤ እስከ መስቀል ድረስ።

ሒሳብ ከፍለን ስንወጣ ካፌው ደጃፍ ላይ አንድ ሊስትሮ ልጅ ስልኩን ሳጥኑ ላይ አድርጎ አንድ የቆየ ዘፈን ከፍቷል። እኔ ወደ ታክሲው ተራ መሄድ ጀመርኩ። ዞር ስል ልጃችን ቆሟል። አንገቱን ዘንበል አድርጓል።

ጠበቅሁት።

በሉ እንግዲህ፣ የምትወዱትን ነገር ቀስ ብላችሁ ብሉት። እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት!